አዳሪ እንግዳና ውሎ ገብ ጎብኚ፤ ስለ መዝናኛ ሆቴሎች የመኪና ማቆሚያ

ባለፈው ጥር ወር ከጓደኞቻችን የአንደኛው እኅት ስትዳር እኛም በአጃቢነት ወደ ቢሾፍቱ ወርደን ነበር። ምሳው የተዘጋጀው በሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ መዝናኛ ሆቴል ነው። ነገሩ የአንድ ቤት ጥፋት ብቻ ስላልሆነ የሆቴሉን ስም አንጠቅስም። ከምሳ በኋላ ዘፈኑ ሞቆ ሳለ የሙሽራዋ አጎት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው አዛውንት፣ ድንገት ላብ አጥምቋቸው ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። ልጃቸው መኪናውን ሊያመጣ ሮጠ። መኪናው በሥርዓት ቆሟል፤ ዳሩ ግን ከኋላው ሌላ መኪና ተደግኖበታል። የዚያ መኪና ባለቤት ማን እንደ ሆነ ዘበኛው አያውቅም። የሰሌዳው ቁጥር በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ የሰማ ግን የለም። የእጅ ፍሬኑ ስለ ተያዘ ገፍተን ልናነሣው አልቻልንም። አዛውንቱን እስከ ውጭው በር ተሸክመን በባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰድናቸው፤ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ተርፈዋል። ባለ መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከጀልባ ሲወርድ ተገኘ።

ማታ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ጥፋቱን በዘበኛው፣ አንዳንዶቻችን በባለ መኪናው፣ ሌሎቻችን ደግሞ በሆቴሉ ባለቤት ላይ ጣልን። በኋላ ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ ከሰዎቹ ይልቅ የአሠራሩ ሆኖ አገኘነው። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ክርክር ነው።

ስለ መኪና ማቆሚያ መጻፍ ለዩኒቨርሲቲ መጽሔት የማይመጥን መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ከመካከላችን መኪና ያለው በጣት የሚቈጠር ነው። ይሁን እንጂ ከእኛ ውስጥ ነገ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ የግንባታ መሐንዲስ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ ጠበቃና ሐኪም የሚሆኑ አሉ። ነገሩ ሁሉንም ይነካል። በዚያ ላይ መኪና የሌለው ሰው የመኪና ማቆሚያን ዋጋ እንዴት እንደሚከፍል ወደ ታች እናሳያለን።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ሐይቆቿ፣ እነ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ፣ የከተሜውን ሰው ይስባሉ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ፣ ጠዋት ቡናውን ቤቱ ጠጥቶ ምሳውን ሐይቅ ዳር በልቶ ማታ ቤቱ የሚገባው ሰው ነገሩ ቀሎለታል። መንገዱ ሰፋ፤ የሆቴሎቹ ግቢ ግን አብሮ አልሰፋም። ከሐይቆቹ ብዙዎቹ በጥንት የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ስለ ሆኑ ዳራቸው ገደል ነው። ለጥ ያለ መሬት እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውንም ክፍሉ፣ መዋኛው፣ አዳራሹና መኪናው ይሻሙበታል።

ወደ እንዲህ ያለ ሆቴል የሚመጣው ሰው አንድ ዐይነት አይደለም። በአምስት ልንከፍለው እንችላለን። አንደኛው አዳሪ እንግዳ ነው፤ ክፍል ይዞ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያድራል። ሁለተኛው ውሎ ገብ ጎብኚ ነው፤ ለምሳ፣ ለዋና ወይም ለጀልባ መጥቶ ማታ ይመለሳል። ሦስተኛው የሰርግና የስብሰባ ታዳሚ ነው፤ በአንድ ሰዓት በአንድነት ይመጣል፤ በአንድ ሰዓትም በአንድነት ይሄዳል። አራተኛው ሠራተኛውና ዕቃ አቅራቢው ነው፤ አትክልቱን፣ ሥጋውን፣ ለስላሳውንና በረዶውን ያመጣል። አምስተኛው በእግር፣ በጋሪ፣ በባጃጅና በሚኒባስ የሚመጣው ነው፤ ስለ መኪና ማቆሚያ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው።

እነዚህ ሁሉ በየሰዓታቸው ቢመጡ ችግር ባልነበረ። የሚጋጩት ግን እሑድ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልማዱን እንመልከት። አዳሪ እንግዳ ክፍሉን የሚለቅቀው ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ አዲሱ እንግዳ ደግሞ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ጀምሮ ይገባል። ነባሩ እንግዳ ክፍሉን ለቀቀ ማለት ግን ግቢውን ለቀቀ ማለት አይደለም። ቁልፉን አስረክቦ ምሳ ይበላል፤ ልጆቹን ያዋኛል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እስከ 10 ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ ለጥቂት ሰዓታት አንዱ ክፍል ሁለት መኪና አለው ማለት ነው፤ አንዱ የወጪው፣ ሁለተኛው የገቢው። በዚያው ሰዓት ውሎ ገቡ ምሳውን ይበላል፤ ሙሽሮችም በጡሩምባ ታጅበው ይደርሳሉ። «60 ክፍል አለኝ፤ 60 መኪና ማቆሚያ ይበቃኛል» ያለ ባለ ሆቴል ሂሳቡን የሠራው ለሌሊቱ እንጂ ለቀኑ አይደለም።

ዓመቱም የራሱ ወራት አሉት። ጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትና የበዓል ማግሥት የሰርግና የሽርሽር ጊዜ ናቸው። በዐቢይ ጾም ሰርጉ ይቀንሳል፤ የመሥሪያ ቤቶች ስብሰባና ሥልጠና ግን በሥራ ቀን ይቀጥላል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ደግሞ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ከተማው ከመኪና ይልቅ የእግረኛ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ክፍል ለያዘ እንግዳ በየትኛው ሰዓትና በየት በኩል እንደሚገባ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የቀን መቁጠሪያውን ያላየ ሥራ አስኪያጅ ነገሩ ድስት ጥዶ እንደ ማልቀስ ይሆንበታል።

የቦታው ሂሳብ

አንድ መኪና ለመቆም 2.5 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም 12.5 ካሬ ሜትር ነው። ነገር ግን ወደ ቦታው የሚገባበትና የሚወጣበት መተላለፊያ ካልተጨመረ ቦታው ጥቅም የለውም። ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ረድፎች መካከል 6 ሜትር ያህል መተላለፊያ ይተዋል፤ ግማሹ ለአንዱ ረድፍ፣ ግማሹ ለሌላው ቢታሰብ በመኪና 7.5 ካሬ ሜትር ይጨመራል። መግቢያው፣ መዞሪያው፣ የዛፉ ጥላና የእግረኛው መንገድ ሲጨመርበት ለአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር መያዝ የተለመደ ነው። እንግዲህ 200 መኪና ከ5,000 እስከ 6,000 ካሬ ሜትር ይወስዳል። 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ሂሳብ ሐይቅ ሊያይ የመጣ ሰው መኪና ብቻውን የኳስ ሜዳውን ከሦስት እጅ ሁለቱን ይበልጥ ይይዛል ማለት ነው።

ታዲያ ስንት ቦታ ያስፈልጋል? ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ሕግ አለ። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ነው። በአንድ ሥፍራ ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ብዛት በሰዓት የሚገባው ብዛት በቆይታው ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ነው ይላል። ምሳሌ እንስጥ። በሰዓት 40 የውሎ ገብ መኪናዎች ቢገቡና እያንዳንዱ በአማካይ 4 ሰዓት ቢቆይ 160 ቦታ ይፈለጋል። ቆይታው ወደ 5 ሰዓት ከፍ ቢል፣ አንድ መኪና እንኳ ሳይጨምር፣ የሚፈለገው 200 ይሆናል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ባለ ሆቴሎች ሁልጊዜ የሚጨነቁት ስንት መኪና እንደሚመጣ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ግን አይጠይቁም። ሁለቱ እኩል ይመዝናሉ። ወጪው እንግዳ ከምሳ በፊት መኪናውን ወደ ሩቁ ማቆሚያ ቢያዛውር፣ ወይም ውሎ ገቡ በጠዋትና በከሰዓት ተከፍሎ ቦታ ቢያስይዝ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነጠፍ ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ማቆሚያ እስከ መጨረሻው ቦታ ድረስ መሞላት የለበትም። ከ100 ቦታ 85 ያህሉ ሲያዝ የሚመጣው ሰው ባዶውን ሳይንከራተት ያገኛል። ከዚያ ባለፈ ግን አሽከርካሪው ዙሪያውን ይዞራል፤ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ልጅ የያዘች እናት በመኪናዎች መካከል ትሿለካለች። ስለዚህ «ሞልቷል» የሚለው ሰሌዳ መሰቀል ያለበት አንድም ቦታ በማይቀርበት ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ ነው።

የበሩ ሂሳብ

ቦታ እያለ እንኳ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ በሩ ነው። በአገራችን የትልልቅ ሆቴሎች በር የፍተሻ በር ነው። ዘበኛው የመኪናውን ሆድ በመስተዋት ያያል፤ የዕቃ መጫኛውን ያስከፍታል፤ ሰሌዳውን ይመዘግባል። ይህ ለሁሉም ደኅንነት የሚደረግ ስለ ሆነ አንቃወመውም። ነገር ግን ሂሳቡን እንሥራ። አንዱ ፍተሻ 2 ደቂቃ ቢፈጅ በሩ በሰዓት የሚያስገባው 30 መኪና ነው። በሰዓት 40 ቢመጣ በየሰዓቱ 10 መኪና ይተርፋል። ከ3 ሰዓት በኋላ 30 መኪና ተሰልፏል፤ ለአንዱ ከነክፍተቱ 7 ሜትር ብንይዝለት ሰልፉ 210 ሜትር ይረዝማል። ያ ሰልፍ የሚቆመው በሆቴሉ ግቢ ሳይሆን በሕዝብ መንገድ ላይ ነው። ጋሪው፣ ባጃጁና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ መንገዳቸው ይዘጋባቸዋል።

መድኃኒቱ ፍተሻውን ማቃለል ሳይሆን መክፈል ነው። ለአዳሪ እንግዳ አንድ መሥመር፣ ለውሎ ገብ ሌላ መሥመር ይደረግ፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢፈትሹ በሰዓት 60 መኪና ይገባል። የፍተሻው ቦታም ከበሩ 40 ወይም 50 ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ ሰልፉ በግቢው ውስጥ ይቀራል። ክፍያና ክርክርም ከፍተሻው ቦታ መራቅ አለበት። «የክፍል ማስያዣዬ በጓደኛዬ ስም ነው» እያለ የሚከራከር አንድ ሰው ሃያ መኪና ያቆማልና፣ ጉዳዩ የሚታይበት የጎን መቆሚያ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ለእያንዳንዱ የራሱ ቦታ

ከሁሉ በፊት የሚለየው ማንም የማይቆምበት ቦታ ነው። የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የሚያልፉበት መንገድ ከበሩ እስከ አዳራሹና እስከ ክፍሎቹ ድረስ ባዶ መሆን አለበት። የእንግሊዝ መመሪያ ለእሳት አደጋ መኪና የ3.7 ሜትር መንገድ ይጠይቃል፤ በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት ደንብ ደግሞ 20 ጫማ፣ ማለት 6 ሜትር ያህል ይላል። ይህ መንገድ በቀለም ይሠመር። ለሙሽራ መኪናም ሆነ ለባለ ሥልጣን «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ተብሎ አይፈቀድ። አምስት ደቂቃ ተብሎ የቆመ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን።

ቀጥሎ ለአዳሪ እንግዳ የቅርቡ ቦታ ይሰጠው። ሻንጣ አለው፤ ለአዳሩ ከፍሏል፤ ሌሊትም መኪናው በዘበኛ ዐይን ሥር መሆን አለበት። ለአካል ጉዳተኞችና ለአዛውንት የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታም በዚሁ አጠገብ ይከለል። ለውሎ ገብ መካከለኛው ቦታ ይሁን። ለሰርግና ለስብሰባ አስቀድሞ በውል የተወሰነ ብዛት ይሰጥ፤ አዳራሹን የሚከራይ ሰው ስንት ወንበር እንደሚፈልግ እንደሚጠየቅ ሁሉ ስንት መኪናና ስንት አውቶቡስ እንደሚያመጣም ይጠየቅ። ትልቁ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሰዎቹን በአዳራሹ ደጅ አውርዶ ራቅ ወዳለ ሜዳ መሄድ አለበት። ዕቃ አቅራቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት በጓሮ በር ይግባ። የሠራተኞችም መኪና ከሩቁ ጫፍ ይቁም፤ የሥራ አስኪያጁም ጭምር።

ማን የየትኛው ወገን እንደ ሆነ የሚታወቀው በካርድ ነው። ሲገባ ሁለት ክፍል ያለው ባለ ቁጥር ካርድ ይቆረጣል። አንዱ በመስተዋቱ ሥር ይቀመጣል፤ ቀለሙ ወገኑን ያሳያል፤ የአዳሪ እንግዳ ከሆነ የሚወጣበት ቀን ይጻፍበታል። ሁለተኛው ከዘበኛው ዘንድ ይቀራል፤ በእርሱ ላይ የሰሌዳው ቁጥር፣ የገባበት ሰዓትና የባለ መኪናው የስልክ ቁጥር ይመዘገባል። ስልኩ በመስተዋቱ ላይ አይለጠፍ፤ ለማንም መንገደኛ የሚታይ መሆን የለበትም። በዚያ እሑድ ይህች ቁራጭ ወረቀት ብትኖር ኖሮ ባለ ጀልባው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠራ ነበር።

ቦታ ሲጠብብ መኪናን በመኪና ላይ መደርደር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ የለመድነው ማርሹን ዜሮ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ሳይዙ መሄድ ነው፤ ከዚያ ልጆቹ እየገፉ ያወጣሉ ያስገባሉ። ለጥ ባለ አስፋልት ይህ ይሠራ ይሆናል። ወደ ሐይቅ በሚያዘቀዝቅ ግቢ ግን የለየለት አደጋ ነው። በዚህ ቦታ መደርደር የሚቻለው ቁልፉ በቁጥር ተመዝግቦ፣ በተቆለፈ ሣጥን ተቀምጦ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ መኪናውን ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ብቻ ነው። ከተደረደረው በስተ ኋላ መሆን ያለበት ዘግይቶ የሚወጣው ነው። ነገ ጠዋት የሚሄደው ከውስጥ፣ ዛሬ በ9 ሰዓት የሚሄደው ከውጭ ይቁም። በካርዱ ላይ የመውጫው ሰዓት የሚጻፍበት ሌላው ጥቅም ይኸው ነው።

«ነጻ» የሚባለው ማቆሚያ

አሁን መኪና ወደሌለን ወገኖች እንምጣ። በብዙ ሆቴሎች በር «መኪና ማቆሚያ በነጻ» የሚል ቃል እናያለን። እውን ነጻ ነውን? መሬቱ በሊዝ ተከፍሎበታል፤ ድንጋዩ ተነጥፏል፤ ዘበኛው ደመወዝ ይበላል። ይህ ወጪ ከአንድ ቦታ መውጣት አለበት። የሚወጣውም ከሻዩ፣ ከምሳውና ከመዋኛው ዋጋ ውስጥ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመውና ስለ ነጻ ማቆሚያ ከፍተኛ ዋጋ በሚናገረው መጽሐፋቸው ይህንኑ በሰፊው አስረድተዋል። ባለ መኪናው በማቆሚያው ላይ ያልከፈለውን ሁሉም ሰው በሌላው ዕቃ ላይ ይከፍልለታል ይላሉ። ወደ እኛ አገር ስናመጣው፣ በሚኒባስ መጥቶ ከበሩ እስከ ሐይቁ አቧራ እየጠጣ የሄደው ተማሪ አንድ ማኪያቶ ሲጠጣ ለሌላው ሰው መኪና የቦታ ኪራይ ጨምሮ ይከፍላል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ማቆሚያ ሁሉ በገንዘብ ይሁን አንልም። ለአዳሪ እንግዳ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ቢታሰብ ያስኬዳል። ለውሎ ገብ ግን በተጨናነቀ ቀን ብቻ የሚከፈል፣ በበሩ በጉልህ የተጻፈ፣ ደረሰኝ ያለው ዋጋ ይኑር። ምሳ የበላ ሰው ካርዱን አሳትሞ ከሂሳቡ ይቀነስለት። አራት ሆነው በአንድ መኪና የመጡ ቅናሽ ያግኙ። ከሚገኘውም ገንዘብ ለእግረኛው ጥላ ያለው መንገድ ይሠራ፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያ እስከ ሆቴሉ የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ይመደብ። እንዲህ ከሆነ መኪና የሌለውም ሰው እንደ እንግዳ ይቆጠራል። እስከ ዛሬ በብዙ በር ስንደርስ ዘበኛው አስቀድሞ የሚያየው ከኋላችን የሚመጣውን መኪና ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በስዊስ አገር የሚገኘው የተራራ መንደር ዜርማት በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና አያስገባም። እንግዳው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ በምትገኘው በቴሽ መንደር መኪናውን ያቆምና በባቡር 12 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ይገባል። በአሜሪካ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ሸለቆው በመኪና ስለ ተጨናነቀ እ.ኤ.አ. በ2000 የማመላለሻ አውቶቡስ ተጀመረ። አውቶቡሱ በሚሠራበት ወቅት ውሎ ገብ ጎብኚ መኪናውን ከታች ትቶ ይገባል፤ በሸለቆው ውስጥ ባለው ሆቴል ክፍል የያዘ እንግዳ ግን ፈቃድ እየተሰጠው በመኪናው እስከ ሆቴሉ ይሄዳል። አዳሪና ውሎ ገብ በግልጽ የተለዩበት ምሳሌ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የማኪናክ ደሴት ነገር ነው። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በምትገኘው በዚህች ደሴት ላይ ግራንድ ሆቴል የሚባል ትልቅ መዝናኛ እ.ኤ.አ. በ1887 ተከፈተ። በ1898 የመንደሩ አስተዳደር መኪናን ከለከለ፤ ክልከላው ዛሬም ጸንቶ አለ። እንግዳው በጀልባ ተሻግሮ በፈረስ ጋሪ ወደ ሆቴሉ ይሄዳል፤ ጋሪው ራሱ የመስሕቡ ክፍል ሆኗል። ቢሾፍቱ በጋሪዋ የታወቀች ከተማ ናት። ሆቴሎቹ በአንድነት ሆነው ከከተማው ጫፍ አንድ የጋራ ማቆሚያ ቢከራዩና እንግዳውን በጋሪና በባጃጅ ቢያመላልሱ፣ ባለ ጋሪውም ሥራ ያገኛል፤ የሐይቁም ዳር ለሰው ይቀራል። ነገሩ እንደ ማኪናክ ፍጹም ይሁን አንልም፤ በሰርግ ወቅት እሑድ እሑድ ቢሞከር ይበቃል።

ስለ ሐይቁም አንድ ቃል እንጨምር። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ካሉት ሐይቆች እንደ ቢሾፍቱ ያለው መውጫ ወንዝ የለውም። ከመኪና የሚንጠባጠበው ዘይት በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ከገባ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ማቆሚያው ከውኃው ራቅ ብሎ፣ በጠጠርና በሣር ረድፍ ተከልሎ መሠራት አለበት። መኪና በሐይቅ ዳር ማጠብም ጨርሶ መከልከል አለበት።

ዘበኛው

የዚህ ሁሉ ሸክም በመጨረሻ የሚወድቀው በአንድ ፉጨት በያዘ ሰው ላይ ነው። «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይውላል። ትርፍ ቦታ ስላገኘ ጉርሻ ይሰጡታል፤ ቦታ ሲጠፋ ይሰድቡታል፤ መኪና ሲጫር ከደመወዙ ይቆርጡበታል። በእጁ ካርታ የለም፤ ስልክ የለም፤ «አይቻልም» የሚልበት ሥልጣንም የለም። አንድ ባለ ትልቅ መኪና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እኔን ታውቀኛለህ?» ቢለው ምን ይመልሳል? ደንቡ በጽሑፍ ካልተሰጠውና ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ካልቆመ፣ የእሳት አደጋውን መንገድ ዘግተህ ተቀመጥ የሚለውን ሰው ሊከለክለው አይችልም።

በሕግ ትምህርት ላይ ያላችሁ ጓደኞቻችን ይህን ነገር ብትመረምሩት እንወዳለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራና ባለ ሆቴል ስለ እንግዳው ዕቃ ስላለበት ኃላፊነት የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። ቁልፍ ተቀብሎ መኪና ማስቀመጥና ባዶ ቦታ ማሳየት በሕግ ፊት አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ጭረቱን የሚከፍለው ዘበኛው ነው ወይስ ቀጣሪው? ይህን የሚያስረዳ አንድ ግልጽ ጽሑፍ በሚቀጥለው እትም ቢወጣ ለብዙ ደካማ ሰው ጋሻ ይሆናል።

ለማጠቃለል፣ ያየነው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የማይደፈር የአደጋ መንገድ፣ ባለ ሁለት ክፍል ካርድ፣ ሁለት የፍተሻ መሥመር፣ የሰርግ መኪና ብዛት በውል፣ በበሩ የተጻፈ ዋጋ፣ ለዘበኛው በጽሑፍ የተሰጠ ሥልጣንና ለእግረኛው አንድ ጥላ ያለው መንገድ በቂ መነሻ ናቸው። አብዛኛው በቀለም፣ በወረቀትና በአንድ ቀን ምክር የሚፈጸም ነው። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ነገሩን እንደ ሥራ ቆጥሮ የሚያስብለት ሰው ነው።

እኛም በበኩላችን የምናደርገው አለ። በሚቀጥለው ሰርግ መኪና ተከራይተን ስንሄድ ከሰው ኋላ ስናቆም ስልካችንን ለዘበኛው እንስጥ፤ ሾፌራችንም ከመኪናው አይራቅ። የአዛውንቱ ልጅ ያን ዕለት በመኪናዎቹ መካከል ቆሞ ቁልፉን በእጁ ጨብጦ ሲጮኽ አይተነዋል። ቁልፍ ነበረው፤ ነዳጅ ነበረው፤ ሐኪም ቤቱም ሩቅ አልነበረም። ያጣው መውጫ መንገድ ብቻ ነበር።